ሥራ ላይ ናት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያቺ የተከራያችኋት ክፍል ብርዱን ትችልላችኋለች? አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው አይፈረድበትም። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ሰላም ብላሻለች ልልሽ ነበር፤ ግን እንደምጽፍልሽ ስለማታውቅ አላለችም። በእሷ ቦታ እኔው ስሜሻለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከሥራ ባሰናበቱሽ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የጻፍሽው። ሌላ ወረቀት አጥታ ነው እንዳልል፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝና አውቅሻለሁ። ገልብጬ እንዳነበው ብለሽ ነው። ገልብጬ አነበብኩት። የማስጠንቀቂያ ደወል ስለማትሰማ ለራሷም ለማሽኑም አደጋ ሆናለች ይላል። ለማሽኑም ማለታቸው እውነቴን ነው አሳቀኝ። ከዚያ በኋላ ግን ምሳዬን አልበላሁም።

የአንቺ ጽሑፍ ስድስት መስመር ነው። እንደምን ሰነበትሽ የለ፣ እማዬ እንዴት ናት የለ። ሰው ቢቀየም እንኳ ሰላምታ አያጥፍም። ልመናሽም አንድ ብቻ ነው፦ የእኔ ተራ ደርሶ ከቢሮሽ ሲደወልልኝ ያየሽውን ጻፊ፣ የዘንድሮዎቹ ልጆች ፎርም ሳይፈርሙ ጻፊ ነው ያልሽኝ። ተራሽ ማክሰኞ ዕለት ደረሰ። ምን እንደጻፍኩ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ግን በቅደም ተከተል ነው የምነግርሽ፤ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪ። ልጅ ሆነሽም የመጽሐፍ መጨረሻ ገልጠሽ ማየት ትወጂ ነበር፣ ስንት ጊዜ ቆንጥጬሻለሁ።

ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። እማዬ ስልክ ደዋይ ናት ነው የምትለው። እውነቷን ነው፣ ስልክ ነው የምንደውለው። ግን ስጀምረው እንዲህ አልነበረም ሐሳቡ። ልጆች ትምህርት ጨርሰው ሲወጡ የት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አጎቱ ሹፌር የሆነ ሹፌርነት ይመዘገባል፣ ጎረቤቷ ፀጉር የምትሠራ ፀጉር ሥራ ትገባለች። ሁለት ዓመት ተምረው፣ የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጠው፣ ቤት ይቀመጣሉ። እኔም ራሴ እንደዚያ ሆኜ ነው የባከንኩት። እናም እንዲህ አልኩ፦ ሠልጥነው የወጡትን ሁሉ ከዓመት በኋላ እየደወልን ሥራ ላይ ናችሁ ወይስ አይደላችሁም ብለን እንጠይቅ፤ የትኛው ሙያ ሰው ወደ ሥራ እንደሚያደርስ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚጥል በቁጥር እንወቅ፤ ከዚያ ለሚቀጥሉት ልጆች መንገዱን እናሳያቸው። ይሄን ስል ከልቤ ነበር። ዛሬ ምንም ብትይኝ፣ ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ስድስት ሴቶች ሆነን በኮምፖንሳቶ የተከፋፈለች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። እያንዳንዳችን የጆሮ ማዳመጫና የስም ዝርዝር አለን። ጥያቄው አንድ ነው፣ ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው፦ ሥራ ላይ፣ ሥራ የለውም። በሳጥኖቹ ልክ የእያንዳንዱ ሙያ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡም ልጆቹ በሚሞሉት ፎርም አናት ላይ ይታተማል። ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ሙያ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ያየውን ነው የሚፈርመው፣ እናቱም እዚያው ላይ ነው ጣቷን የምታደርገው።

ችግሩ ስልክ የማያነሱት ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ያህሉ አላነሱም። አለቃችንን ታውቂዋለሽ፣ ልጆቹ መቶኛ የሚሉት ነው፤ ምሳ በላህ ወይ ቢሉት ሰባ ከመቶ የሚል ሰው ነው። ባዶ ሳጥን አልወድም አለኝ፣ አንድ ነገር ፈልጊለት። እኔም አሰብኩበት። የምንደውለው በሥራ ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው በሥራ ሰዓት ስልክ አያነሳም፤ ሥራ የሌለው ግን የማያውቀው ቁጥር ሲደውል ገና አንዴ ሳይጮህ ነው የሚያነሳው፣ ሥራ የተገኘለት መስሎት። ዝም ብዬም አላወራሁም፣ ፈተሽኩት። ሥራ ላይ መሆናቸውን የማውቃቸውን ሠላሳ ሰዎች መረጥኩ፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ መምህር። በሥራ ሰዓት ደወልኩላቸው። ሃያ ሰባቱ አላነሱም። ይኸው ብዬ አቀረብኩ።

ደንቡ እንዲህ ተጻፈ፦ በአንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ተደውሎለት ያላነሳ ሠልጣኝ፣ ሥራ ላይ ነው ተብሎ ይሞላ። ማንም አላዘዘኝም። ያቺ ዓረፍተ ነገር የእኔ ልጅ ናት፤ ሌላ ልጅ አልወለድኩም።

ከዚያ የብረታ ብረቱ ውጤት መጣ። ከመቶ ሠልጣኝ ሠላሳ አንዱ ሥራ ላይ ነን አሉ፣ ስምንቱ የለንም አሉ፣ ስልሳ አንዱ አላነሱም። ሠላሳ አንድና ስልሳ አንድ ዘጠና ሁለት ነው። እንዲህ ያለ ነጥብ አይተን አናውቅም ነበር። አዋላጅ ነርሶቹ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል አነሱ። አርባዎቹ ሥራ ይዘናል፣ ሃምሳ አራቱ እየፈለግን ነው አሉ፤ ያላነሱት ስድስት ብቻ ናቸው። አርባ ስድስት አገኙ። አንዳንዶቹ ራሳቸው መልሰው እየደወሉ ሥራ አላገኘንም እያሉ ያለቅሱብን ነበር። መቶኛ ይሄን ሰምቶ፣ ምን ዓይነት ወሬኛ ሙያ ነው አለ። ሁላችንም ሳቅን። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለካ ይሄ ነው ብዬ እኔም ቀለድኩ። ለቢሮው ሽልማት መጣ። ለእኔ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ፤ እማዬ ሳሎን የሰቀለችው እሱ ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንቺ አልነበርሽም። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ብረታ ብረት ዘጠና ሁለት እያልኩ ሳስረዳ አንዲት ሴትዮ ከኋላ ተነሳች። እንዲህ ጥሩ ከሆነ የራስሽን ልጅ ትልኪያለሽ ወይ አለችኝ። ልጅ የለኝም አልኳት። ታዲያ የሌለሽን ልትልኪ ነው እንዴ አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሰው ሲስቅብኝ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። እህቴን እልካለሁ አልኩ። ዘንድሮ ትጨርሳለች፣ እሷን እልካታለሁ። ሳቁ ቆመና ጭብጨባ ሆነ። መቶኛ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

ያን ጊዜ አንቺ ቤት ሆነሽ የአዋላጅ ነርስነት መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሰሽ ታነቢ ነበር። የፈተና ነጥብሽ ለአዋላጅነት ከሚፈለገው በአሥራ አንድ ይበልጥ ነበር። አውቅ ነበር፣ እኔ ነኝ ያየሁት።

ልትፈርሚ ስትመጪ ትዝ ይልሻል? የቢሮው በር ጠዋት ተቀብቶ ገና አልደረቀም ነበር። በአሥር ዓመት አንዴ ተቀባ፣ እሱም አረንጓዴ። ክርንሽን አስነካሽውና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። በነጭ ጋዝ ጠረግኩልሽ። ከዚያ ፎርሙን አየሽና እትዬ እርግጠኛ ነሽ ወይ አልሽኝ። ዘጠና ሁለት ከመቶ አልኩሽ። አንቺ ካልሽ እሺ አልሽ፣ ፈረምሽም። እኔ ደግሞ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል አልኩሽ።

አሁን የምለውን ለማንም ብዬው አላውቅም። እማዬ እኔን ስትቆጣ የምትለውን ታውቂዋለሽ፦ ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው። ጆሮው እኔ ነበርኩ። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ፣ በማታ እየተማርኩ፣ አንቺ ደብተር እንዳይጎድልሽ ያደረግኩ ጆሮ። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺን ግን ሁሉም ይጠይቅሽ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። አዋላጅ ስትዪ እማዬ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ ሽልማት ይዤ ስመጣ ሰዓቱ ባትሪው አብሮት አለ ወይ ነው ያለችኝ። ፎርሙን ስትፈርሚ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ። ለእህትሽ ያለሽን ንጹሕ ልብ ሁሉም ሰው የሚኖረው አይምሰልሽ።

ስለ እማዬ ልንገርሽ። እሑድ እሑድ ትደውልልሻለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ጠርቶ ጠርቶ እስኪቋረጥ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞርና ምን በድያት ነው ትለኛለች። ሥራ ላይ ናት እላታለሁ። እሑድም ትላለች። እሑድም እላታለሁ፣ ጎበዝ ስለሆነች ትርፍ ሰዓት ሰጥተዋታል። በመጀመሪያ ይሄን ለጎረቤት እየነገረች ትኮራበት ነበር። አሁን አሁን ግን ልጄ ኮራችብኝ ትላለች፣ የራሷ እጅ ገንዘብ ሲነካ እናቷን ረሳች። ባለፈው ወር ፎቶሽን ከሳሎን አንስታ መኝታ ቤት አስገባችው። ለምን አልኳት። እሷ እኔን ማየት ካልፈለገች ሰው ፊት ምን ያስቆማታል አለችኝ። እኔ እዚያው ቆሜ ፖም እየላጥኩ ነበር። ልጣጩን ሳይቆረጥ ጨረስኩት።

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር ትያለሽ። እሷ ብትሰማ ማን ወሰዳት ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ማን ቤት ነው የምኖረው?

አምስት ወር ይሆነዋል አንቺን ላይሽ ከመጣሁ። እማዬ ናት ሂጂና እይልኝ ብላ ያስነሳችኝ። ሠራተኛ ስልክ ይዞ ወደ ማሽኑ አይገባም፤ በር ላይ ዘበኛው የእኔን ግን አልተቀበለኝም፣ እንግዳ ስለሆንኩ። የፈረቃ ኃላፊው ከቢሮው በር አጠገብ ምስማር ላይ ከተደረደሩት የጆሮ መከላከያዎች አንዱን አንስቶ ሰጠኝ። ሁሉም አዲስ ናቸው፣ ላስቲካቸው አልተቀደደም። ለልጆቹስ አልኩት። ለእነሱ ሥራ ያዘገይባቸዋል አለኝ፣ ደግሞ ይለምዱታል። እኔ አደረግኩት። አድርጌውም ያ ማሽን ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር ጥርሴ ይነቃነቅ ነበር። ሳፋ ነው የምትሠሩት፣ አይደል? እማዬ ልብስ የምታጥብበት ዓይነት። አንድ ሳፋ ለመውጣት አራት ጊዜ ይመታል። ቆጥሬዋለሁ፣ መቁጠር ልማዴ ነው።

ምሳ ሰዓት ስለነበር ማደሪያችሁን አሳዩኝ። ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። ክፍሉ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሃያ ሴት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሆና ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው አንዳቸው ሌላቸው ከንፈር ላይ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ሬዲዮ ጣቢያውን ስቶ ይንጫጫል፣ ተነስቶ የሚያስተካክለው የለም። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር። ልጅ ሆነሽ በምጠራሽ ስም ጠራሁሽ። ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። አልዞርሽም። ከዚያ አልጋሽ ላይ ያለው ስልክ መጮህ ጀመረ፣ መብራቱ በራ፣ እማዬ የሚል ጽሑፍ ወጣበት፤ መድረሴን ከአንቺ አፍ ለመስማት ነው የደወለችው። ከሃያዎቹ አንዷ እንኳ ቀና አላለችም። እኔ ሄጄ አጠፋሁት። ትከሻሽን የነካሁሽ ከዚያ በኋላ ነው።

እየጮህሽ ነው ያወራሽኝ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማን። መጀመሪያ የጠፋው የስልክ ድምፅ ነው አልሽኝ፤ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ በር ሲዘጋ ግን አሁንም ይሰማኛል። ጣትሽን አንስተሽም እስከዚያ ቀን ስንት ልጆች እንደተሰናበቱ ቆጠርሽልኝ። ሁሉም ከተባረሩ በኋላም ስልካቸው ይጮኻል፣ አይነሳም አልሽኝ። እጄን ይዘሽ እትዬ፣ እነዚህን ምን ብላችሁ ነው የሞላችኋቸው አልሽኝ። አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬሽ ሄድኩ። አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

ያን ቀን ነው ያወቅኩት ብዬሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ በላክሁልሽ አጭር መልእክት። አንቺም አምነሽኛል፤ እህቴ ባታውቅ ነው ብለሽ ይቅር ብለሽኛል። በደብዳቤሽም ላይ ያየሽውን እንጂ የሠራሽውን አላልሽም። እንዲህ ስትሆኚ ነው የምትከብጂኝ። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንድ ጊዜ አንድ ልብስ ሰፊ ልጁን ይዞ ቢሮ መጣ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው። ልጄን ሌላ ሥልጠና ላስመዝግባት ብሄድ ሥራ ላይ ናት ብለው መለሱኝ አለ፤ እናንተ ናችሁ እንዲህ ብላችሁ የሞላችሁት፤ እሷ ብረት ቤት ሠርታ ከተባረረች ቆይታለች፣ ቤት ነው ያለችው፣ ይቺውላችሁ። ከዚያ በጆሮዋ አጠገብ አጨበጨበ። ልጅቷ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ታይ ነበር። ዓይኗን አላርገበገበችም።

እኔ ደግ ሆኜ አናገርኩት። የተሞላ መረጃ የሚታረመው በሠልጣኙ በራሱ ድምፅ፣ በስልክ ብቻ ነው አልኩት፣ ደንብ ነው። ሰውየው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ሳቁን ተወና እሺ ደውዪላት አለኝ። ደወልኩ። ስልኩ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ጮኸ። እዚያው እፊቴ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ። ልጅቷ የቀን መቁጠሪያውን ታያለች። አባቷ ይነካታል ብዬ ስጠብቅ አልነካትም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ሲቋረጥ፣ አልተነሳም ብዬ ጻፍኩ። ክንዷን ይዞ ወጣ። በሩን ሲቀባ የነበረው ሰውዬ ልጅቷን እርጥብ ነው፣ ተጠንቀቂ እያለ ጮኸባት፤ እሷ ዝም ብላ ተሻሽታ አለፈች፣ ትከሻዋ አረንጓዴ ሆነ። ደንቆሮ ብሎ ሰደባት። ከዚያ ከሰዓት ነጭ ጋዝ ከእሱ ነው የተዋስኩት።

ቀኑን አትቁጠሪ። ቀን መቁጠር የእኔ ሥራ ነው።

ወደ ማክሰኞ ልምጣልሽ። ዝርዝሩ ሲታደል ያንቺ ስም ያለበት ገጽ ለአጠገቤዋ ልጅ ደረሳት። ወገቤን አሞኛል፣ አጭሩን ስጪኝ ብዬ ከእጇ ወሰድኩት። ሌላ ሰው እንዲደውልልሽ አልፈለግኩም። ጠዋት ደወልኩ፣ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ቀትር ላይ ደወልኩ፣ እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ መቶኛ ከዋናው መሥሪያ ቤት አራት እንግዶች ይዞ ገባ። ደንቧን ሊማሩ ነው የመጡት፤ ወደ ሌሎች ቢሮዎች ሁሉ ልትሄድ ነው፣ እኔም ከእሷ ጋር ከፍ ልል ነው። ወንበሬ ኋላ ቆሙ። መቶኛ ይህቺ ናት ያመነጨቻት አላቸው፣ አሁን ደግሞ የራሷን እህት ቁጥር ነው የምትደውለው፣ እኛ ቤት አድልዎ የለም። እንግዶቹ ደስ አላቸው።

ሦስተኛውን ደወልኩ።

ተነሳ።

እትዬ ብለሽ ጮኽሽ። እትዬ፣ አልሰማሽም፣ ግን ቁጥርሽን አየዋለሁ አልሽ። ጠዋትና ቀትር አምልጦኛል፣ አሁን በእጄ ይዤው ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ግጥም በቃልሽ ስትወጪ እንደምትዪው፣ ሥራ የለኝም አልሽ። አልሰማም። አብረውኝ ያሉትም ሁለቱ ሥራ የላቸውም፣ አይሰሙም። በራሴ ድምፅ ነው የምናገረው፣ ጻፊው። ያን ደንብ ማን እንደነገረሽ አላውቅም። ከዚያ ጠበቅሽ። አንዷ ልጅ አጠገብሽ ስትስል ሰማሁ። ጻፍሽው ወይ አልሽ። እትዬ፣ ጻፍሽው?

ድምፅሽን ከሰማሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ወፍሯል። እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ እትዬ የምትለው ላይ ብቻ ነው ያወቅኩሽ። በማዳመጫው ውስጥ ስለሆነ ከእኔ በቀር የሰማሽ የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የእኔ ግን ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር፣ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። መቶኛ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ተነሳ ወይ አለኝ።

አልተነሳም አልኩት።

እያወራሽ ነበር ስዘጋው። ምን እንደምትዪ አላውቅም። ስምሽ ትይዩ ያለውን ሳጥን ሞላሁ፣ እንግዶቹም በማስታወሻቸው ጻፉ። መልሴ እሷ አንድ ቃል ናት። ተነግራለች፣ በአንድ ክንድ ርቀት ያሉ ሰዎች ሁሉ ሰምተዋታል፣ አንቺ ግን ልትሰሚያት አትችዪም። ይሄን ሁሉ የጻፍኩልሽ እሷን ላድርስልሽ ብዬ ነው።

ብረታ ብረት ዘንድሮ ዘጠና አራት አግኝቷል። የመቶ አርባ ልጃገረዶች ፎርም ሐሙስ ታትሞ ወጣ። አናቱ ላይ በጉልህ ነው ያለው። አንቺም ሌላ ሥልጠና ልመዝገብ ብለሽ የትም እንዳትደክሚ፤ በየደረስሽበት መዝገቡን አይተው ሥራ ላይ ነሽ ብለው ይመልሱሻል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ክፉ እንዳታስቢ። ልብስ ስፌት ብትሞክሪ ጥሩ ነው፣ ፀጥ ያለ ሙያ ነው። ለቤት ኪራዩ የሚሆን ትንሽ ነገር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለሁለቱም ልጆች ሰላም በዪልኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ። ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፣ ከሩቁም ከቅርቡም። ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ያሰብሽው ባይሞላ ሌላ ያሳስብሽ። እኔንም ቀን ወጥቶልሽ ስታስታውሺኝ፣ በነጭ ጋዝ ክርንሽን የጠረገችውን አስታውሺ፣ የቀረችውን ተያት።

የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ

አንድ ነገር ረስቼ። እማዬ አሁንም እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልክ በእጅሽ ይዘሽ መጠበቅ ለምደሻል መሰለኝ። እባክሽ፣ የእሷን አታንሺ።